የተከዜ ዝናብ፣ የኤደንብራ ዝንብ

እስቲ ጠጋ በሉ። ቡይት ራስ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ምሕረት የለውም፤ ጋቢ የያዘ ይከናነብ፣ ያልያዘ ወደ እሳቱ ይቅረብ። ጭላዳዎቹ ቀኑን ሙሉ ሣር ሲነጩ ውለው አሁን ወደ ገደሉ ወርደዋል፤ የድንጋዩ ወገብ ላይ ተለጥፈው ነው የሚያድሩት። በቅሎዎቹም ጭነታቸው ተራግፎ ገብሳቸውን እየቆረጠሙ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ተረት ስላልሆነ «የላም በረት» ብላችሁ አትቀበሉኝ። ቀን ያለው፣ ቦታ ያለው፣ ምስክር ያለው ነገር ነው።

ፊታችሁን ወደ ሰሜን መልሱ። ከእግራችን ሥር ምድር ተቆርጦ የወደቀ ይመስላል። ታች ያለው ቆላ ነው፤ አምባ ባምባ ላይ እየተደራረበ ይሄድና በጉም ይጠፋል። ከጉሙ ወዲያ ተከዜ አለ፣ ከተከዜ ማዶ ሽሬ። ወጌ የሚጀምረው እዚያ ነው። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ስኮትላንድ ኤደንብራ ይገባል፤ በጠርሙስ ከታጎሩ ዝንቦች ጋር ይቆይና ዞሮ ዳባት ይመጣል። መንገዱ ረጅም ነውና ታገሡኝ።

ዘመኑ 1928 ዓ.ም. ነው። መስከረም 22 ቀን ጣሊያን መረብን ተሻግሯል። የጎጃሙ ገዢ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን አስከትለው በጎንደር በኩል ወደ ሰሜን አቀኑ። ደጃዝማች አያሌው ብሩም የወገራንና የሰሜንን ሰው ይዘው ተነሡ። ያን ጊዜ አሁን መኪና እየተጥመዘመዘ የሚወርድበት የልማልሞ መንገድ አልነበረም፤ እሱን ጣሊያን ነው በኋላ የቆረጠው። የነበረው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው፣ እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲመጣ የወጣው። በዚያ ገደል ላይ በቅሎም ብትሆን እየተጎተተች ነው የምትወርደው። ሰዉ በሶውን በስልቻ አንግቶ፣ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን፣ የሌለው ጎራዴና ጦሩን ይዞ ባዶ እግሩን ወረደ። ይህን ባዶ እግር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የራስ እምሩ ጦር ግንባር ቀደም ክፍል ማይ ጥምጨት መሻገሪያ ላይ ተከዜን በሌሊት ተሻገረ። ታኅሣሥ 5 ቀን ደምበጊና ላይ ጠላትን ከበበው። ጣሊያኖቹ ዘጠኝ ትናንሽ ታንኮች ነበሯቸው። በዕድሜው ታንክ አይቶ የማያውቅ ሰው ከኋላ እየቀረበ፣ ላያቸው ላይ እየወጣ በእጁ ተናነቃቸው፤ ታንኮቹ እዚያው ቀሩ። ድል ነበር። በዚያ ጦርነት የእኛ ሰው ደስ ብሎት ያደረባቸው ሌሊቶች ጥቂት ናቸውና ይህን ልዝለለው አልወደድሁም። ለስምንት ቀን ያህል መንገዱ ወደ አክሱም የተከፈተ መሰለ።

ስምንተኛው ቀን ታኅሣሥ 13 ነው። የዚያን ዕለቱን ነገር ራስ እምሩ ራሳቸው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ለጣሊያናዊው የታሪክ ጸሐፊ ለአንጄሎ ዴል ቦካ ነግረውታል። ጧት ነው፤ ተከዜን ተሻግረው እንደ ቆሙ አውሮፕላኖች መጡ። አውሮፕላን አዲስ ነገር አልነበረም። ሰዉ ቦምቡን ለምዶታል፤ ሲመጣ ይበተናል፣ ሲሄድ ይሰበሰባል። የዚያን ቀን የወረደው ግን ሌላ ነው። በርሜል የሚመስል ነገር መሬት ሲነካ ወይም ውኃው ላይ ሲያርፍ እየፈነዳ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይረጭ ጀመር። የነካው ሰው እግሩ፣ እጁ፣ ፊቱ ውኃ ቋጠረ። ቃጠሎውን ሊያበርድ ወንዝ የገባ፣ ከወንዙም የጠጣ ዳሩ ላይ ወድቆ ሲያጣጥር ዋለ። ከብት ሊያጠጣ የወረደ የአካባቢ ባላገርም ከወታደሩ ጋር አብሮ ተቃጠለ። አለቆቹ ራስ እምሩን ከበው «ምን እናድርግ?» ይሏቸዋል። እሳቸው መልስ አልነበራቸውም። የሚያቃጥልና የሚገድል ዝናብ በምን ይመከታል?

ይህ ነገር በሰፊው የሚታወቀው የሰናፍጭ ጋዝ በሚል ስም ነው። ኢፕሪትም ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ለመጀመሪያ ጊዜ በተረጨባት በቤልጅጓ ከተማ በኢፕር ስም። እኛ የጾም እንጀራ የምናጣቅስበት ሰናፍጭ የለበትም፤ ሽታው ነው ያስጠራው። የሸተታቸው ሰዎች አንዳንዱ ሰናፍጭ፣ አንዳንዱ ነጭ ሽንኩርት ይላሉ። የደባርቅን ነጭ ሽንኩርት በጆንያ ስትጭኑ የምትኖሩ ልጆች ይህን ስትሰሙ ምን እንደሚሰማችሁ አላውቅም፤ እኔን ግን መጀመሪያ ያነበብሁ ቀን ምግብ አስጠልቶኛል።

ጋዝ መባሉም ያሳስታል። ዘይትነት ያለው ከባድ ፈሳሽ ነው። ሣር ላይ፣ ቅጠል ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀብቶ ለቀናት ይቆያል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይተንናል። አሁን ወደ ባዶ እግሩ ልመለስ። ጫማ የሌለው ሠራዊት በተረጨ ሣር ላይ ሲያልፍ እያንዳንዱ እርምጃው መርዝ ይነካል። ሌላም ክፋት አለው፤ ብዙውን ጊዜ በነካ ሰዓት አያምም። ሰውየው ምንም አልሆንሁም ብሎ ይሄዳል። ሰዓታት አልፈው ቆዳው ይቀላል፣ ዓይኑ ይከደናል፣ ጉሮሮው ይቆስላል። ቁስሉ ደግሞ ቶሎ አይድንም፤ ዳነ ሲባል ተመልሶ ይከፈታል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሏት፤ ኤደንብራ የደረሰችው እሷ ናት።

ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ መጋቢት ማለቂያ ድረስ በሰሜኑ ግንባር ብቻ ከ900 በላይ እንዲህ ያሉ ቦምቦች ተጥለዋል። እያንዳንዳቸው 212 ኪሎ ያህል ኢፕሪት የያዙ ናቸው፤ ከመሬት 250 ሜትር ገደማ ሲቀራቸው ተከፍተው እንደ ካፊያ እንዲረጩ ተደርገው የተሠሩ ነበሩ። ጣሊያን ይህን መሣሪያ ላለመጠቀም እ.ኤ.አ. በ1925 ጄኔቭ ላይ ፈርማ ነበር። በየካቲት ማለቂያ ሽሬ ላይ ጦርነቱ ሲፈታና የራስ እምሩ ሠራዊት ወደ ኋላ ሲመለስ ተከዜ መሻገሪያው ላይ እንደገና እሳትና ኢፕሪት ወረደበት። የተረፈው ሰው በልማልሞ ዳገት ወጥቶ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ዳባት፣ ወደ ወገራ ተበተነ። በዚያው በደጃችን በምናየው መንገድ።

ስንት ነበር የተመለሰው? ማን ቁስሉን አየለት? ከአሸንጌና ከኮረም በኩል ቢያንስ የቀይ መስቀል ሐኪሞች ነበሩ። እንግሊዛዊው ዶክተር ማክፊ፣ የስዊሱ ዶክተር ማርሴል ጁኖ በዓይናቸው ያዩትን ጽፈዋል፤ የታመሙትን በፋሻ ጠቅልለዋል። ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው ስለዚያ ዝናብ ተናግረዋል። በዚህ በእኛ በኩል ግን የቆሰለ ሰው ዳገቱን ወጥቶ ቤቱ ገባ፣ በቤት ባለው መድኃኒት ታሸ፣ የዳነ ዳነ፣ የሞተ ተቀበረ። በሦስተኛው ዓመት ስለሳለው፣ በሃያኛው ዓመት ደም ስለተፋው መዝገብ የከፈተ የለም። የዚህ ወግ ሕመም ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ያቺን ዓመት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሞቱ ሳይሆን አለመቆጠሩ ነው።

አሁን እሳቱ ላይ አንድ ሁለት እንጨት ጨምሩና ባሕር እንሻገር።

ሻርሎት አውርባክ ትባላለች፤ ወዳጆቿ ሎቴ ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ1899 ጀርመን አገር ክሬፌልድ ተወለደች። ይሁዲ ናት። በርሊን ትምህርት ቤት ሳይንስ ስታስተምር ሂትለር ሥልጣን ያዘና በ1933 ይሁዲ መምህራን ተባረሩ። ሎቴ ሻንጣዋን ይዛ ኤደንብራ ገባች። ዶክትሬቷን የያዘችው በ1935 ነው፤ ተከዜ ላይ ያ ዝናብ በወረደበት ዓመት። እኔ ይህን ሳገናኝ ምንም ምሥጢር አላየሁበትም፤ ያው አንድ ዘመን ነው፣ ያው የፋሽስት ዘመን። አንዱን በወንዝ ዳር አቃጠለው፣ ሌላዋን ከአገሯ ነቀላት።

ኤደንብራ ሳለች ኸርማን ሙለር የተባለ ሊቅ መጣ። ሙለር በ1927 ራጅ፣ ያ አጥንት የምንታይበት ጨረር፣ የዝንብን ዘረመል እንደሚለውጥ ያሳየ ሰው ነው። ካንሰር የሕዋስ ዘረመል ሲበላሽ የሚመጣ ይሆናል የሚል ጥርጣሬም ነበረው። ስለዚህ ሎቴን «ካንሰር ያመጣሉ የሚባሉትን ኬሚካሎች ዝንብ ላይ ፈትኚልኝ» አላት። ፈተነች። ምንም አልታየም። ያልታየበትን ምክንያት ሰዎች የደረሱበት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

በዚያው ከተማ ክላርክ የሚባል የመድኃኒት ሊቅ አንድ ነገር አስተዋለ። የሰናፍጭ ጋዝ ቁስልና የራጅ ቃጠሎ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ይዘገያሉ፣ ሁለቱም ዳኑ ሲባሉ ይከፈታሉ። ራጅ ዘረመልን የሚነካ ከሆነ ይህስ? ያቺ ልብ በሏት ያልኋችሁ ነገር ይህች ናት። ሮብሰን የተባለ ባልደረባውና ሎቴ ሥራውን ያዙት። 1940 ነው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየነደደ ነው፤ ጉዳዩ የጦር ሚስጥር ነው።

ሥራው የሚሠራው በመድኃኒት ጥናት ክፍሉ ጣሪያ ላይ ነበር። ፈሳሹን ክፍት ዕቃ ላይ ያሞቁታል፤ ዝንቦቹን በትነቱ ውስጥ ያስገባሉ። ሎቴ በገዛ እጇ ነበር የምታወጣና የምታገባቸው። እጆቿ ተቃጠሉ። ሐኪም አይቶ ከዚህ በላይ ብትጋለጥ ክፉ ጉዳት እንደሚገጥማት አስጠነቀቃት። የተከዜው ሰው እጅና የዚህች ሴት እጅ በአንድ ነገር ነው የቆሰሉት። ልዩነቱ እሷ የነካትን ማወቋ ነው።

ዝንቦቹን ታውቋቸዋላችሁ። የበሰለ ሙዝ ላይ፣ የጠላ ጋን አፍ ላይ የምትርመሰመሰው ያቺ ቀይ ዓይን ትንሽ ናት። እንግዲህ ዘዴውን በደንብ ስሙኝ፤ የሙለር ዘዴ ነው፣ ሰው ከፈለሰፋቸው ብልሃቶች ሁሉ እኔን እንደሱ ያስደነቀኝ የለም። ወንዱን ዝንብ ለመርዙ ያጋልጡታል። ከዚያ ከተመረጠች ሴት ጋር ያዳቅሉታል። ሴት ልጁ ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አላት፤ አንዱ ከአባቷ፣ ሌላው ከእናቷ። ከእናቷ የመጣው ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ እሱን የወረሰ ወንድ አይወለድም። ስለዚህ እሷ በተራዋ ስትወልድ የሚተርፉት ወንዶች ሁሉ የአያታቸውን፣ የዚያን የተጋለጠውን ዝንብ ክሮሞዞም የያዙት ናቸው። የአያት ክሮሞዞም ገዳይ ጉዳት ካለበት እነሱም አይወለዱም። ሎቴ ጠርሙሱን ታነሣለች፣ ወደ ብርሃን ታደርገዋለች፣ ወንድ ትፈልጋለች። ሴቶቹ አሉ፤ ይርመሰመሳሉ። ወንድ ግን አንድ የለም። ትመዘግበዋለች፣ ወደሚቀጥለው ጠርሙስ ታልፋለች።

አያት የነካውን መርዝ በልጅ ልጅ መታጣት ማወቅ ማለት ይህ ነው። ልጆቹን ብቻ ብታይ ደህና ናቸው ብላ ትሄድ ነበር።

ካልተጋለጡት ዝንቦች ዘር ወንድ አልባ ጠርሙስ እጅግ ብርቅ ነው። ከተጋለጡት ግን ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ የራጅን ያህል። በ1941 ነገሩ ተረጋገጠ። ያን ጊዜ አሜሪካ የተመለሰው ሙለር ደስታውን በቴሌግራም ላከላት። ኬሚካል ዘረመልን ሊለውጥ እንደሚችል እንዲህ አጥርቶ ያሳየ ከዚያ በፊት አልነበረም። ጦርነቱ እስኪያልቅ ለዓለም በግልጽ መናገር አልተፈቀደላቸውም፤ ኔቸር የተባለው መጽሔት ላይ ሙሉ ስሙ ተጠርቶ የወጣው በ1946 ነው። ሎቴ ሌላም ነገር አግኝታ ነበር፤ ከጉዳቱ አንዳንዱ ወዲያው አይወጣም። ያደፍጣል። ሕዋሱ ተከፍሎ፣ እንደገና ተከፍሎ፣ ከዚያ ብቅ ይላል።

መርዙ ሕዋስ ውስጥ ምን ይሠራል? በጎንደር አገር አድጋችሁ የብራና ጸሐፊ ያላየ የለም። ጸሐፊው ዋናውን መጽሐፍ ዘርግቶ ይቀዳል። ዲኤንኤ እንደዚያ ያለ መጽሐፍ ነው፤ አራት ፊደል ብቻ አለው፤ ሕዋስ ሊከፈል ሲል ሁለቱን ክሮች እየለያየ ፊደል በፊደል ይቀዳዋል። የሰናፍጭ ጋዝ ሁለት እጅ አለው። ጉዋኒን ከምትባለው ፊደል ጋር ይጣበቃል፤ አንዳንዴ በአንድ እጁ አንዱን ክር፣ በሌላው እጁ ማዶውን ይይዛል። ሁለት የብራና ቅጠል በሙጫ ተጣብቆ አስቡት። ጸሐፊው ቢገልጠው ይቀደዳል፤ ቢተወው ይጎድላል። ሕዋሱ ወይ ይሞታል፣ ያ ነው የተከዜው ውኃ የቋጠረ ቁስል፤ ወይ በግምት ጠግኖ ያልፋል። በግምት የጠገነ ጸሐፊ ሠረቀ ያለውን ሰረቀ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አንዲት ፊደል ናት። በግእዙ ግን ፀሐይ ወጣች የተባለው ስፍራ ላይ ሌባ ገባ። ስህተቱ የሕዋስን ዕድገት በሚገድበው ቃል ላይ ያረፈ ቀን ካንሰር የሚባለው መንገድ ይጀመራል፤ መንገዱም የዓመታት ነው።

ይህ በዝንብ ላይ ነው፤ በሰውስ? በሰው የታየው ጃፓን ነው። ኦኩኖሺማ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1945 ድረስ ለጦር የሰናፍጭ ጋዝ የሚመረትባት። ሠራተኞቹ ቀን ተቀን ይተነፍሱት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሐኪሞች የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ይዘው ማን በምን ሞተ ብለው ቆጠሩ። በ1968 ባሳተሙት መሠረት በመተንፈሻ አካል ካንሰር የሞቱት 33 ነበሩ። ከእነሱ ጋር የሚመጣጠን ሌላ ሕዝብ ቢሆን ይጠበቅ የነበረው አንድ እንኳ አይሞላም፤ 0.9 ነው። ዛሬ ዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ተቋም የሰናፍጭ ጋዝን በአንደኛው መደብ፣ ሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ በተረጋገጠው መደብ አስፍሮታል። ያን 33 ያስገኘው የስም ዝርዝር ነው። ዝርዝር ባይኖር ኖሮ ሠላሳ ሦስት ቤት ለየብቻው አልቅሶ ዝም ይል ነበር፤ እንደ እኛ ቤት።

አንዱ የበቅሎ ነጂ ልጅ ይህን ወግ ሳወጋ አቋርጦ «ጋሼ፣ ታዲያ የእነዚያ የልጅ ልጆች እኛ አይደለን? በደማችን አለ ማለት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው የጨዋ ነው፤ እናንተም በልባችሁ ሳትይዙት አትቀሩም። እንዲህ አልሁት። «ልጄ፣ አትፍራ። ዝንቡ የተጋለጠው ተለክቶ፣ ዘሩም የተመረጠው ጉዳቱ ጎልቶ እንዲታይ ነው። በሂሮሺማ ከአቶሚክ ቦምብ የተረፉ ሰዎች ልጆች በብዙ ሺህ ተቆጥረው ለዓመታት ተጠንተዋል፤ በወላጆቻቸው መጋለጥ የተነሣ የተወለደ በሽታ በእነሱ ላይ በዝቶ አልተገኘም። ኦኩኖሺማም ላይ የታመሙት መርዙን በገዛ ሳንባቸው የሳቡት ናቸው፣ ያውም ለዓመታት። አንተ ከአያትህ የወረስኸው ልማልሞን የሚወጣ ጉልበት ነው።» ሣቀ፤ እኔም ደስ አለኝ። የመርዝን ክፋት ስናገር የሰውን ዘር ማስነወር አልፈልግም። በዚህ አገር በደዌ ስም ስንት ቤት ከጋብቻ እንደራቀ አውቃለሁ።

የዚህ ኬሚካል ታሪክ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ጨለማ ብቻ ነበር የምነግራችሁ። በ1942 አሜሪካ፣ የል ዩኒቨርሲቲ፣ ጊልማንና ጉድማን የተባሉ የመድኃኒት ሊቃውንት የሰናፍጭ ጋዝ ቅርብ ዘመድ የሆነ ኬሚካል በነጭ የደም ሕዋሳት ላይ እንደሚበረታ አይተው፣ ከዕጢ ካንሰር ሊሞት ለተቃረበ አንድ ሰው በመርፌ ሰጡት። ዕጢው ቀለጠ። ለዘለቄታው አልዳነም፤ በሩ ግን ተከፈተ። ለካንሰር በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት፣ ኬሞቴራፒ የምንለው፣ የተጀመረው በዚያ ነው። ከዚያው ቤተሰብ የተወለደው ሳይክሎፎስፋማይድ ዛሬ ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ያው ሁለት እጅ ነው፣ ያው ብራናን ማጣበቅ፤ ቶሎ ቶሎ የሚቀዳውን የካንሰር ሕዋስ ቀድሞ ይይዘዋል። ነርሷ ስታዘጋጀው ጓንት የምታደርገው ለዚህ ነው፤ ራሱ መድኃኒቱም በአንደኛው መደብ ውስጥ አለ። አንዲት እናት ከወገራ ተነሥታ፣ ክንዷን ዘርግታ ያን ጠብታ ስትቀበል፣ በደሟ የሚገባው የተከዜው ዝናብ የሥጋ ዘመድ ነው። እሷን ሊያኖራት ነው የሚገባው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ዝም እላለሁ።

አሁን ቅድም ያቆየሁላችሁ። ሎቴ መጀመሪያ የፈተነቻቸው ካንሰር አምጪዎች ለምን ዝንቡ ላይ ዝም አሉ? ከእንጨትና ከከሰል ጢስ፣ ከሬንጅ የሚወጡ የዚያ ዓይነት ቅመሞች በራሳቸው ዲኤንኤን አይነኩም። የእኛው ጉበትና ሳንባ ሊያስወግዳቸው ሲሞክር ነው የሚስላቸው፤ የተሳለው ስለት ዲኤንኤውን ይቆርጠዋል። ብሩስ ኤምስ የተባለ አሜሪካዊ በ1970ዎቹ የጉበት ጭማቂ ከባክቴሪያ ጋር ቀላቅሎ ኬሚካል መፈተኛ ሲሠራ ያ የተደበቀ ወንጀል ወጣ። ዛሬ አዲስ መድኃኒት ሆነ ጸረ ተባይ ከመሸጡ በፊት ዘረመል ይነካ እንደሆነ የሚጠየቀው ከዚህ ሁሉ የተነሣ ነው።

ይህን የምለው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። መስኮት በሌላት ጎጆ ውስጥ፣ ኩበትና እርጥብ እንጨት አንድዳ፣ ዓይኗ እያለቀሰ እንጀራ የምትጋግር እናታችሁን አስቡ። የዚያ ጢስ ቅመም ከዘረዘርኋቸው ውስጥ ነው፤ የእንጨትና የኩበት ጢስ በሁለተኛው መደብ፣ ካንሰር ማምጣቱ በሚገመተው ውስጥ ተመዝግቧል። ምርጥ ምድጃውን ያመጣላት፣ ጢስ መውጫ ያበጀላት ልጅ ትልቅ ነገር አደረገላት። እህሉ ላይ ማላታይን የሚረጭ ገበሬም ካለ ማላታይን በዚያው መደብ እንደሆነ ይወቅ። ነፋስ አይቶ፣ አፍንጫውን ሸፍኖ ይርጭ፤ የጸረ ተባዩን ጀሪካን አጥቦ ውኃ መቅጃ አያድርገው። ባዶ እግር ያልኋችሁን አትርሱ፤ መርዝ የሚገባው ባልተሸፈነ በኩል ነው።

የመጨረሻው ነገር ዓመተ ምሕረት ነው። ጣሊያን የሰናፍጭ ጋዝ መጠቀሟን ለ60 ዓመት ካደች። ዴል ቦካ ከራስ እምሩ አፍ የሰማውን፣ ከመዝገብ ያገኘውን ሲጽፍ ከገዛ አገሩ ሰዎች ስድብ ጠገበ። በ1988 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ፓርላማ ፊት አዎን፣ ተጠቅመናል አሉ። ራስ እምሩ ይህን ሳይሰሙ በ1972 ዓ.ም. አርፈዋል። ሎቴ አውርባክም ሚኒስትሩ ይህን ከመናገራቸው ሁለት ዓመት ቀድማ በ94 ዓመቷ አርፋለች።

በዚያው በ1996 ዳባት ላይ ሌላ ነገር ተጀመረ፤ ብዙ ሰው አላስተዋለውም። ጎንደር የሚገኘው የጤና ትምህርት ቤት፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው፣ በዳባት ወረዳ ቀበሌዎችን መርጦ ሕዝቡን ቤት ለቤት መቁጠር ያዘ። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ሳይል። ማን ተወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን አገር ለቀቀ፣ ማን ሞተ። እስከ ዛሬ ይቆጠራል።

ሰው ሲሞት ለቅሶው ካለፈ በኋላ ከመዝገቡ ጋር የሚሠራ ሰው ይመጣል። አብዛኛው ሟች ሐኪም ቤት ሳይደርስ ነውና የሚሞተው፣ ምን እንደገደለው የሚያውቁት ያስታመሙት ናቸው። መደብ ላይ ይቀመጣል፣ ቡና ይቀርብለታል፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጠይቃል። እማማ፣ ለስንት ጊዜ ነው የታመሙት? ሳል ነበራቸው? ደም ይቀላቅል ነበር? ከስተው ነበር? በሕይወት ሳሉ ሥራቸው ምን ነበር? እሷም ነጠላዋን እያስተካከለች ከመጀመሪያው ትጀምርለታለች። እሱ እየሰማ ይጽፋል።